እጅ የማይጨብጡት ደላላ

አያ ዘለቀ ግቢያችንን ለቀው ወደ አገራቸው ወደ ኮሶዬ ከገቡ ሳምንት አለፋቸው። ክፍላቸውን ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተውታል። ልጆቹ ገና ሲገቡ ደጃፉ ላይ የተወጠረችውን አሮጌ የልብስ ገመድ ፈትተው ጣሏት። አከራያችን እማማ ጥሩወርቅ ገመዷን ከቆሻሻው መሀል አንሥተው፣ አራግፈው፣ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ይዘዋት ሲገቡ አየኋቸው። እኔም ያላየሁ መስዬ ወደ ሱቄ ሄድሁ። ብንነጋገር ኖሮ አንዳችን ማልቀሳችን አይቀርም ነበር፤ እኔ ደግሞ በጠዋት ማልቀስ አልወድም።

በዚያች ገመድ ላይ የአያ ዘለቀ የገበያ ልብስ ክረምት ከበጋ ሲሰቀል ኖሯል። ውጭ የዋለ ጋቢ ለብሰው የራሳቸውን ደጃፍ ተሻግረው አያውቁም። በሰፈራችን በማራኪ «ባለ ገመዱ» የሚላቸው ሁሉ ነበር። ሲሰሙ ይስቃሉ እንጅ አይቆጡም።

ሥራቸው የከብት ድለላ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከገበያው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሰው ናቸው። እጃቸው ግን ከቀረው ሰውነታቸው ጋር የተፈጠረ አይመስልም፤ ሰፊ ነው። የከብት ደላላ ደግሞ የሚያድረው በእጁ ነው። ሻጩ አልቀንስም፣ ገዥው አልጨምርም ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ደላላው የአንዱን እጅ ጎትቶ በሌላው እጅ ላይ ያሳርፍና የራሱን ከላይ ይደርብበታል። ሦስቱ እጆች አንድ ላይ ከፍ ካሉ፣ ሻጩም «ይባርክልህ» ካለ፣ ገበያው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚያፈርስ ሰው ነውረኛ ነው።

«እኔ ሻጭም አይደለሁ፣ ገዥም አይደለሁ» ይሉ ነበር አያ ዘለቀ። «ስንት ሰንጋ በእጄ አለፈ፤ ለራሴ ግን አንድ ወይፈን ገዝቼ አላውቅም። የመሀል ሰው ነኝ።»

ጎንደር የከተሙት ለገበያው ብለው አይደለም፤ በልጃቸው በአዝመራ ምክንያት ነው። አዝመራ ሕፃን ሆና ጉሮሮዋን አመማት፤ በዳማከሴ ታሽታ አለፈላት ተባለ። ሕመሙ ግን ቆይቶ ልቧ ላይ ተገኘ። የልቧ አንደኛው በር ገጥሞ አይዘጋም አሏቸው ሐኪሞቹ። በየወሩ መርፌ መወጋት ነበረባት፤ ለቀዶ ጥገናው ደግሞ አዲስ አበባ ተራ ተይዞላታል። እናቷ ኮሶዬ ላይ ገብሱንና ከብቱን ይዘው ቀሩ፤ አባትና ልጅ እኛ ግቢ ገቡ። ያኔ አዝመራ ኮረዳ ለመሆን ጥቂት የቀራት ልጅ ነበረች። ከቧንቧው እስከ ክፍሏ ያለችውን ትንሽ ቦታ መሀል ላይ ሳታርፍ መሄድ አትችልም።

እነሱ በገቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያ ኮሮና የሚሉት ጣጣ መጣ። ተማሪዎቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ ማራኪም ጭር አለች። የእኔ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጨርቅ ለበሰች። ባለቤቴ ስንታየሁ መንታ ወልዳልኝ ነበር፤ ልጆቹ ገና መዳህ መጀመራቸው ነው። ቤት ውስጥ መዋል እወዳለሁ ስል የኖርሁ ሰው፣ ቤት ውስጥ መዋል ምን እንደሆነ ያኔ ቀመስሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት አያ ዘለቀ ከገበያ መጡና የግቢው በር ላይ ቆመው ሁላችንንም ጠሩን። ገበያ የሚይዙትን ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

«ሐኪሙ ነግሮኛል» አሉ። «ይህ በሽታ ጤነኛውን አስሎት ያልፋል፤ የእኔዋን ካገኛት ግን ልቧ አይችለውም ብሎኛል። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እጅ አልጨብጥም፣ ትከሻም አልገጥምም። አዝመራ ድና፣ የኮሶዬን ዳገት ሳታርፍ እስክትወጣ ድረስ። የሚቀየመኝ ካለ ከአሁኑ ይቀየመኝ።»

ይህን ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና ወገባቸውን ሰበር አድርገው እጅ ነሡን። እማማ ጥሩወርቅ ሳቃቸውን አፍነው፣ «ደላላ እጅ አልጨብጥም ካለ፣ ቄሱም መስቀል አላሳልምም ሊሉን ነው» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ቄሶቹም መስቀሉን ከሩቅ ያሳዩን ጀመር። ከዚያ በኋላ እማማ ጥሩወርቅ በዚህ ነገር መቀለዱን ተዉት።

እውነቱን ለመናገር አያ ዘለቀ አድካሚ ሰው ነበሩ። ጎንደር ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ ውኃው የመጣ ዕለት ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ ቧንቧ ላይ ይጋፋል። አያ ዘለቀ ጀሪካኖቹን በረድፍ ደርድረው ሰዉን ወደ ባሕር ዛፎቹ ጥላ ያባርሩታል። «ጀሪካን አይታመም፤ እሱ ይሰለፍ» ይላሉ። የተቆጣ ሰው ሲመለስ ዱላቸውን በመሀል ዘርግተው ይጠብቁታል። ሚኒባስ ሲሳፈሩ መስኮት አጠገብ ይቀመጡና መስኮቱን ወለል ያደርጉታል። የእኛን አገር ሴቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ በሽታውን ሳይሆን ንፋሱን ነው የሚፈሩት። «ምነው አያ፣ ምች ሊያስመቱን ነው?» ብለው ሲጮሁባቸው፣ «ብርዱን እኔ ጠጥቼ አስቀርላችኋለሁ» እያሉ ደረታቸውን ወደ መስኮቱ ይሰጣሉ። በሐምሌ እንኳ አልዘጉትም።

እኔን ደግሞ በጭምብሌ ነው የያዙኝ። ጭምብሌን አገጬ ላይ አንጠልጥዬ መሄድ እወድ ነበር፤ ያለ እሱ መውጣት ስለሚያስቀጣ ይዤዋለሁ፣ አፌ ላይ ሲሆን ደግሞ ያፍነኛል። አንድ ጊዜ በር ላይ አገኙኝና ራቅ ብለው ቆመው ትክ ብለው አዩኝ።

«ዳኛቸው፣ አንተ በአገጭህ ነው እንዴ የምታስነጥሰው?»

አፌ ላይ አደረግሁት።

ገበያ መውጣትን በተራ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ቤት ለሽንኩርቱም፣ ለሳሙናውም፣ ለወፍጮውም ለየብቻው ከሚወጣ፣ አንድ ሰው ለግቢው በሙሉ ይውጣ አሉ። «አንድ እግር ይውጣ፤ የቀረው እግር ይረፍ።» ተራው የደረሰው ሰው የሁላችንንም ዘንቢል ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ዘንቢሎቹ የግቢው በር ላይ ቀርተው ፀሐይ ይመታቸዋል። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም አጉረመረምን። ቆየት ብሎ ግን የእማማ ጥሩወርቅን በርበሬ መርጬ መግዛት፣ እሳቸውም ለመንቶቼ ወተት ሲያመጡልኝ ማየት ደስ ይለኝ ጀመር።

አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክሜ መጣሁ። መንቶቹ ድምፄን ሰምተው እየዳሁ ወደ በሩ ወጡ፤ አንደኛው እጁን ዘረጋልኝ። ጎንበስ ልል ስል አያ ዘለቀ ከደጃፋቸው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ውኃ» አሉኝ። «መጀመሪያ ውኃ።»

ዱቄቱን አስቀምጬ፣ ጃኬቴን ገመዳቸው ላይ ሰቅዬ፣ ደጃፉ ላይ ለመታጠቢያ በተቀመጠችው ጀሪካን ውኃ መታጠብ ጀመርሁ። ልጄ እጁን እንደዘረጋ ያለቅሳል። ልጅ እያለቀሰ እጅ መታጠብ እንዴት ያለ ረጅም ሥራ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ቀና ስል አያ ዘለቀ ፊታቸውን አዙረዋል። እሳቸው ይህን የሚያደርጉት በየዕለቱ ነበር፤ ልጃቸው ደግሞ አታለቅስም፤ መስኮቷ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች።

ይህ የእነሱ ሰዓት ነው። አያ ዘለቀ ጋቢያቸውን ሰቅለው እጃቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ፊታቸውን እየታጠቡ የገበያውን ውሎ ይተርኩላታል። የዋሸውን ሻጭ ድምፁን እየቀዱ፣ የቆጨውን ገዥ አነጋገሩን እየቀዱ፣ በሬውንም ሳይቀር እየሆኑ። አዝመራ ስትስቅ ትንፋሿ ያጥራታል፤ ያኔ ዝም ብለው ይጠብቋታል፤ ሲመለስላት ደግሞ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኔና ስንታየሁም በራችን ላይ ተቀምጠን እንሰማ ነበር።

ገበያ ባይወጡ ይሻል ነበር፤ ግን በምን ይኑሩ? እጅ ሳይነኩ ደግሞ እንዴት ይደልሉ? እኔ እንጃ አልሁ። እሳቸው ግን አስበውበት ኖሯል፤ ያየሁትም በፋሲካ ዋዜማ ሰሞን ነው።

ተራው የእኔ ነበር። የግቢውን በግ ልገዛ ከእሳቸው ጋር ወጣሁ። ዝናብ ስለሚያስፈራ ጃንጥላ ይዣለሁ። ከጭልጋ በኩል የመጣ አንገተ ደንዳና ሰው የያዘው ሙክት ዓይኔን ሳበው። እኔና እሱ ስንከራከር አያ ዘለቀ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራቅ ብለው፣ በምላሳቸው ብቻ ያቀራርቡናል። ይህን ያህል በምላስ ብቻ ሲሠሩ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። በመጨረሻ ሰውየው «በቃ፣ ውሰድ» ብሎ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ የአያ ዘለቀ ዱላ በመሀላችን ገባ።

«እጅ የለም» አሉ። «ዱላህን አንሣ።»

ሰውየው ግራ ተጋባ። «ምነው አያ ዘለቀ፣ እኔ በግ ልሸጥ ነው እንጅ ልደባደብ መጣሁ?»

«ያንተ ዱላ የእሱን ይንካ፤ የእኔ ከላይ ይረፍበታል። ልክ እንደ እጅ ነው። ልጅ አለህ?»

«አለኝ እንጅ።»

«እንግዲያ አንሣ።»

ሰውየው ዱላውን አነሣ። እኔ ዱላ ስለሌለኝ ጃንጥላዬን አነሣሁ። አያ ዘለቀም የራሳቸውን ደረቡበትና ሦስቱንም አንድ ላይ ወደ ላይ ከፍ አደረግን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በእኛ አገር ገበያ መሀል ዱላ ወደ ላይ ከተነሣ ትርጉሙ አንድ ነው። ከወዲያ ማዶ የቆመው ሚሊሻ አየና እየጮኸ መጣ። እሱ ሲሮጥ ያየ ገላጋይ ሁሉ ከየአቅጣጫው ተወርውሮ ላያችን ላይ ወደቀ። አንዱ ወገቤን አቀፈኝ፣ አንዱ ጭልጌውን በአንገቱ ያዘው፤ «ተው በእናትህ»፣ «ስለ ማርያም»፣ «በጾም!» ይሉናል። ሰው እንዳንነካ ብለን ያመጣነው ዘዴ የገበያውን ሰው በሙሉ ላያችን ላይ ቆለለው።

አያ ዘለቀ ብቻ ከመሀል ሾልከው ድንጋይ ላይ ወጥተዋል። ያን ድምፃቸውን ለቀቁት።

«ተራራቁ! ጠብ የለም፤ በግ ነው የተሸጠ!»

ገበያው ዝም አለ። ሚሊሻው ጃንጥላዬን ነጥቆ በማስረጃነት ይዟታል። አያ ዘለቀ ድንጋዩ ላይ ቆመው የልጃቸውን ነገር ነገሯቸው፤ የልቧን በር፣ የሐኪሙን ቃል፣ ሁሉንም። ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እንዲያም ሆኖ የማይሰማ ሰው አልነበረም። ሲጨርሱ ሚሊሻው ጃንጥላዬን መለሰልኝና፣ «እንዲያ ከሆነ ሸጋ ዘዴ ነው» አለ። ጭልጌው ዱላውን እንደገና አነሣ፤ እኔም ጃንጥላዬን። «ይባርክልህ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ሚሊሻ ሁለት እጅ ሲገናኝ ባየ ቁጥር ያፏጭ ጀመር። በሚቀጥሉት ገበያዎች ከየጥጉ የዱላ ኳኳታ ይሰማ ነበር። ከተሜው ጃንጥላ ይዞ ይመጣል፤ አንዲት ሴትዮ የመጥረጊያ እጀታ ይዛ መጥታ ጊደር ስትገዛ በዓይኔ አይቻለሁ።

ክረምቱ መሀል ላይ የአዲስ አበባው ስልክ መጣ። አያ ዘለቀ ቧንቧው አጠገብ ቆመው ነው ያነጋገሩት፤ እኛም እየሰማን ነው። የአዝመራ ተራ ደርሷል። ነገር ግን ልጅቱም አስታማሚዋም እዚያ እንደደረሱ ይመረመራሉ፤ ከሁለት አንዳቸው በሽታው ከተገኘባቸው ተራው ለሌላ ልጅ ያልፋል፤ እንደገና መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እዚህ ያለው ሐኪም ደግሞ ልቧ ሌላ ክረምት የሚጠብቅ እንዳይመስላቸው ቀደም ብሎ ነግሯቸዋል።

ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ልማዳቸው እጅ ነሡን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ መውጣት ተዉ፤ ግቢው በሙሉ የአዝመራ አስታማሚ ሆነ። የእሳቸውን ዘንቢል እንሞላለን፣ ወፍጮውን እናስፈጫለን፣ መድኃኒቱን እናመጣለን፤ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠን እንመለሳለን። እማማ ጥሩወርቅ እንኳ የግቢውን በር በቁልፍ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት።

ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው የኮሶዬው ስልክ መጣ። ታላቅ ወንድማቸው አያ ደሴ፣ በኩላሊት ሲማቅቁ የኖሩት፣ አረፉ። አያ ዘለቀን እንደ አባት ሆነው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር ሰው ሠርግ ቢቀር ይቀየሙታል፤ ቀብር ቢቀር ግን ከሰው አይቆጥሩትም። የወንድምን ቀብር መቅረት ደግሞ አይታሰብም። ለቅሶው ውስጥ ከገቡ ያቅፏቸዋል፣ ፊታቸውን ያገናኛሉ፣ ዘመድ ሁሉ አንገታቸው ላይ ያለቅሳል። ያኔ የልጃቸው ነገር አበቃ ማለት ነው።

አዝመራ መስኮቷ ላይ ሆና፣ «አባየ፣ ሂድ» አለቻቸው። «የእኔ ተራ ካለፈ ይለፍ።»

አያ ዘለቀ ገመዳቸውን ይዘው ቆመዋል። «ሄጄም አልገባም፣ ቀርቼም አልቀርም» አሉ።

በነጋታው ከገበያ የሚያውቁት የአይሱዙ ሹፌር መጣ። እኔ ጋቢና ገባሁ፤ እሳቸው በጭነቱ ላይ ብቻቸውን፣ ፊታቸውን ለንፋስ ሰጥተው ቆሙ። ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ገና ከገደሉ አልወጣም። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው፤ ለቀስተኛው በነጭ ጋቢና ነጠላ ቅጥሩን ሞልቶታል። አያ ዘለቀ መኪናውን ዳገቱ ላይ አስቆሙና ከዳር ካለው ድንጋይ ላይ ወጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ያን ገበያውን ዝም ያሰኘውን ድምፃቸውን ወደ ታች ለቀቁት።

«ልቀብርህ መጥቼ ከዳገት ቀረሁኝ፣
ያንተንስ ልብ አምኜ ለልጄ ፈራሁኝ።»

ታች ያለው ሰው በሙሉ ፊቱን ወደ እኛ መለሰ። ልቅሶው ለአፍታ ቆመ። ከዚያ አንድ ሰው ከመሀል ጮኸ፤ «ምነው ዘለቀ፣ ወንድምህን እንደ ባዕድ ከሩቅ ትቀብራለህ?» ሌሎችም አጉረመረሙ። አያ ዘለቀ ግን እንባቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ ሙሾውን ደግመው አሉት፣ ሠልሰው አሉት። እኔ አይሱዙው አጠገብ ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ። ይህ ሰው ዛሬ አገሩን አጣ ብዬ አሰብሁ።

ከለቀስተኛው መሀል አንድ ሽማግሌ ተነጠሉና ዳገቱን ይወጡ ጀመር። አጎታቸው አያ መንገሻ ናቸው፤ ከዘመዱ ሁሉ በዕድሜ የሚልቁት እሳቸው ናቸው። ያን ዓመት በሬያቸውን እዚያው የዱላው ገበያ ላይ ሸጠዋል። ዳገቱ አደከማቸውና ሁለት ጊዜ ቆሙ። ሊረግሟቸው ነው የሚመጡት ብዬ ፈራሁ። ከድንጋዩ ራቅ ብለው ቆሙና፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀው፣ ዱላቸውን ወደ አያ ዘለቀ ዘረጉ።

አያ ዘለቀ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ የራሳቸውን ዘረጉ፤ የሁለቱ ዱላዎች ጫፍ ተገናኘ።

«ለቅሶህ ደርሷል» አሉ ሽማግሌው። «ሂድ፣ ልጅህን አድን።»

ወዲያው ወደ ታች ዞረው ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ ከነጭ ጋቢዎቹ መሀል አንድ ዱላ ተነሣ። ሌላም ተነሣ። ያ የጮኸው ሰውም፣ ከሁሉም ዘግይቶ፣ አነሣ። አያ ዘለቀ ድንጋዩ ላይ ተንበርክከው ወደ ወንድማቸው መቃብር እጅ ነሡ። ጠዋት ነበር፤ እኔም አለቀስሁ።

አዲስ አበባ የሄዱት የሚኒባሱ መስኮት እስከ ዳር ተከፍቶ፣ አዝመራ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ነው። ከምርመራው በኋላ ደወሉልን። «ሁለታችንም ነጻ ነን» አሉ አያ ዘለቀ፤ ይህን ሲሉ በሬ የሸጡ ይመስል ነበር። ቀዶ ጥገናው የተደረገ ዕለት ግቢያችን ሥራ አልሠራም፤ ሁላችንም ቧንቧው ዙሪያ ተራርቀን ተቀምጠን የስንታየሁን ስልክ እናያለን። ስልኩ ከሰዓት በኋላ ጮኸ። ስንታየሁ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«የልቧ በር ገጠመ» አሉ አያ ዘለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ልቅሷቸው ብቻ ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ሰፈሩ ሠርግ ነው ብሎ ወጣ። ነገሩን ሲሰማ እሱም እልል አለ።

አዝመራ ተመለሰች፤ ቀስ በቀስም በረታች። ኮሮናም ተረሳ፤ ጎንደር ወደ መተቃቀፏ ተመለሰች። አያ ዘለቀ ግን ከዱላቸው አልተለዩም፤ ሰላም የሚሉንም ዱላ ለዱላ በማስነካት ነው። የጉሮሮ ሕመም እንደገና ከያዛት የተሠራው ሊበላሽ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ መርፌውም አልተቋረጠም። ዓመታት ሲያልፉ አዳዲስ ተከራዮች ይስቁባቸው ጀመር። እኛ የቀድሞዎቹ ግን አልሳቅንም። መንቶቼ ሰላምታ ማለት ዱላ ማጋጨት ይመስላቸው ነበር፤ ትምህርት ቤት የገቡ ቀን መምህሯን በእርሳስ ሰላም ሊሏት ሞክረዋል።

ባለፈው ወር ሐኪሙ አዝመራን መረመረና ልቧ ደኅና እንደሆነ፣ ከአሁን በኋላ መርፌውን እዚያው በአገሯ ጤና ጣቢያ መወጋት እንደምትችል ነገራቸው። ጎንደር የሚያኖራቸው ነገር አበቃ። እኛ ደስ ብሎን ስናወራ አያ ዘለቀ፣ «ገና አንድ ነገር ይቀረኛል» አሉ። በነጋታው አዝመራን ይዘው ኮሶዬ ሄዱ።

ሲመለሱ የነገሩኝ እንዲህ ነው። ከመንገዱ በታች ካለው ምንጭ ተነሥተው ዳገቱን ጀመሩ። እሳቸው እርምጃዋን ሊጠብቁ ከኋላ ሆኑ። እርምጃዋን መጠበቅ ቀርቶ ሊደርሱባት አልቻሉም። መሀል ላይ ድንጋይ ተደግፈው ሲያርፉ ከላይ ድምፅ ሰሙ።

«አባየ፣ ምነው ቀረህ?»

«ያን ጊዜ» አሉኝ አያ ዘለቀ፣ «ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። እስክትወርድ ድረስ ሳቅሁ።»

የተነሡበት ቀን አይሱዙው ዕቃቸውን ጭኖ በር ላይ ቆሟል። የግቢው ሰው ሁሉ ሊሸኛቸው ወጣ፤ ዱላ ያለው ዱላ ይዟል፣ እኔም ያቺን ጃንጥላዬን ይዣለሁ። አያ ዘለቀ ወጡ። በእኛና በእሳቸው መሀል ቆም አሉና ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ አዝመራንም ጠርተው አስታጠቧት። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ እኔ መጡና ቀኝ እጄን ያዙ። ጃንጥላዬ ወደቀች። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን፣ ያን ሁሉ ነገር አብረን አልፈን፣ ያን እጅ ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። ሻካራና ከባድ ነው። በሌላው እጃቸው የአዝመራን እጅ ስበው እጄ ላይ አሳረፉት፤ በዚያ ግቢ ከአባቷ በቀር ማንም የእሷን እጅ ይዞ አያውቅም። አጥብቃ ጨበጠችኝ። አያ ዘለቀ የራሳቸውን እጅ ከላይ ደረቡና፣ እንደ ገበያው፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ከፍ አደረጓቸው።

እማማ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ደግሞ ምን ተሸጠ፣ ዘለቀ?» አሏቸው።

«የተሸጠ የለም» አሉ አያ ዘለቀ፣ እጃችንን ሳይለቁ። «እኔ ገዛሁ። በዕድሜዬ መጀመሪያዬ ነው፤ ዛሬ ለራሴ ዘመድ ገዛሁ።»

ገበያ ላይ ሦስት እጅ ከፍ ካለ በኋላ የሚባለው ነገር ይታወቃል፤ ግቢው በሙሉ አንድ ላይ አለላቸው።

«ይባርክልዎ፣ አያ ዘለቀ።»